ሸሚዙ ሳይሆን ጥቁሩ ነው

ጥያቄ፦ 60 በ80 ሴንቲሜትር ሸራ ላይ የሰው ምስል በዘይት ቀለም ሠራሁ። መደቡን በሙሉ በጥቁር ወፈር አድርጌ ሞላሁ፤ ከሳምንት በኋላ ነጩን ሸሚዝ በላዩ ሠራሁ። ቶሎ እንዲደርቅልኝ ነጩ ላይ የኮባልት ማድረቂያ ጠብ አድርጌበታለሁ። በአራተኛው ወር ሸሚዙ ተሰነጣጠቀ። አንድ ወዳጄ ስንጥቁን በነጭ ሞልቶ ቫርኒሽ ቀባበት፤ አሁን እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ስንጥቁም ተመልሶ መጣ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሥዕሉን ሳላየው ጥርጣሬዬ ጥቁሩ ላይ ነው። ነጩ ደርቋል፣ ከሥሩ ያለው ጥቁር ገና ነው። ስንጥቁ ሰፋ ያለ፣ ጠርዙ የለዘበ፣ በመካከሉም ጥቁር የሚታይ ከሆነ ጥርጣሬዬ ልክ ነው። በእርጅና ወይም በመመታት የሚመጣ ስንጥቅ ሌላ መልክ አለው፤ ቀጭንና ስለታም ነው፣ አንዳንዴ ሸራው የተወጠረበትን እንጨት መስመር ይከተላል፣ እስከ ጄሶው (ከቀለሙ በፊት ሸራው ላይ እስከተቀባው ነጭ ሽፋን) ድረስም ይወርዳል።

ለማረጋገጥ ሸራው ወደ ጎን የታጠፈበትን፣ ቫርኒሽ ያልደረሰበትን ጥቁር በጥፍርዎ ጫን ይበሉት። ምልክት ከያዘ ውስጡ ለስላሳ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? ብዙ ሰው ዘይት ቀለም እንደ ውሃ ቀለም ተንኖ የሚደርቅ ይመስለዋል። አይደለም። የሚተነው ያቀጠኑበት ተርፐንታይን ነው፣ እሱም ቶሎ ይሄዳል። የተልባ ዘይቱ የሚደርቀው ግን ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያ ክብደቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፣ በጥቂቱም ያብጣል፣ ኋላ ነው የሚሰበሰበው። ኦክስጅኑ የሚገባው ከላይ ስለሆነ ላዩ ቀድሞ ይይዛል፣ የቀዘቀዘ ወተት ላይ እንደሚጋገረው ስስ ሽፋን፤ የታችኛው አየር እየራቀው ይዘገያል። ቀለሞቹም እኩል አይደሉም። አምበር የሚባለው ቡናማ ቀለም ውስጥ ያለው ማንጋኒዝ ዘይቱን ያፋጥነዋል። አይቮሪ ብላክ የሚባለው ጥቁር ደግሞ ብዙ ዘይት የሚጠጣ ሰነፍ ቀለም ነው፤ ወፍሮ ከተቀባ ወራት ይፈልጋል። እርስዎ በዚህ ላይ ኮባልት ያለበት ነጭ ጫኑበት። ኮባልት የሚያደርቀው በዋናነት ገጹን ነው። ደረቁ ነጭ ክዳን ሆነ፣ ጥቁሩ ከሥሩ ሲያብጥና ሲሰበሰብ መከተል አቃተውና ተቀደደ። በ19ኛው መቶ ዘመን ለጥልቅ ቡናማ ብለው ሬንጅ የቀላቀሉ ሰዓሊዎችም የደረሰባቸው ይኸው ነው፤ ሬንጅ ጨርሶ በደንብ አይደርቅምና ላዩ ያለው ቀለም ተኮማትሮ ተሰነጣጠቀ።

ይህ ኦክስጅን መውሰድ ሙቀት ያወጣል። ሸራ ላይ ተበትኖ ስለሚጠፋ አይታወቅም። የተጨማደደ የዘይት ጨርቅ ውስጥ ግን መውጫ ያጣና ይከማቻል፤ ማንም ክብሪት ሳይጭር በሰዓታት ውስጥ ሊነድ ይችላል። ስለዚህ ሥራ ሳይጀምሩ ክዳን ያለው የብረት ጣሳ ውሃ ሞልተው አጠገብዎ ያስቀምጡ።

ወዳጅዎ የሠራውን ጥገና በተመለከተ፣ ስንጥቅ በነጭ መሙላት ምክንያቱን አይነካም። ቫርኒሹ ደግሞ ይባስ ብሎ አየር ዘጋበት፣ በውስጡ ያለው አሟሚ ፈሳሽም ያልደረቀውን ቀለም አላላው፤ የሚጣበቀው ለዚህ ነው። አሁን በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛ) ልጠበው ቢሉ ቫርኒሹን የሚያነሳው ቀለሙንም ይዞት ይሄዳል። አይሞክሩት።

የሚሠራው ሸሚዙን ማንሳት ነው። ሥዕሉን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው በሸራው ጀርባ፣ በእንጨቶቹ መካከል፣ ልኩ የሆነ ጠንካራ ካርቶን ወይም መጽሐፍ ያስገቡ፤ ካልደገፉት ሲፋቅ ሸራው ይሰረጉዳል። የሸሚዙን ዳር ዳር በምላጭ ቀለሙን ብቻ ይቁረጡ። ከዚያ የቀለም ቢላዋውን ገደድ አድርገው፣ ሸራው ላይ ተኝቶ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ነጩንም ከሥሩ ያለውን ለስላሳ ጥቁርም አንድ ላይ ይግፉት። ቢላዋ የቆመ እንደሆነ ጄሶውን ይቧጥጣል። ሸራው እስኪታይ አይፋቁ፤ ጄሶው ከተነሳ መልሰው ልቀባው ቢሉ ዘይት የነካው ቦታ አክሪሊክ ጄሶ አይይዝም። የቀረውን ተርፐንታይን በጠቀሰ ጨርቅ ጠረግ ያድርጉ፣ መስኮት ክፍት ይሁን። ጨርቁ ወዲያው ውሃው ውስጥ። ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አጨማዶ መጣል የለም።

የመደቡን ጥቁርና በላዩ ያለውን ቫርኒሽ ይተዉት፣ ጊዜ ይስጡት። ሥዕሉን ብርሃንና አየር ባለበት ክፍል፣ ቀጥታ ፀሐይ በማይመታው ቦታ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዘንብለው ያቁሙት፤ ገጹ ግን ግድግዳውን አይንካ። አለበለዚያ የሚጣበቀው ገጽ አቧራ ይሰበስባል።

የተፋቀው ቦታ ሁለት ሳምንት ከቆየ በኋላ ጥቁሩን ቱቦ ይርሱት። በርንት አምበርና አልትራማሪን ሰማያዊ እኩል ለእኩል ቢቀላቅሉ ደርባባ ጥቁር ይወጣል፣ ከአይቮሪ ብላክም በጣም ይፈጥናል። በተርፐንታይን ብቻ አቅጥነው፣ ዘይት ሳይጨምሩ፣ የጄሶው ሸካራነት ከሥሩ እስኪታይ ድረስ በስሱ ይቀቡ። ጥፍር ምልክት ሲያቆም ነጩን ይሥሩ፤ አንድ እጅ የተልባ ዘይት ለሁለት እጅ ተርፐንታይን ይበቃል። ከታች ደረቅ ያለ፣ ከላይ ቅባት ያለው። ማድረቂያ የለም። ነጩ ዚንክ ያልበዛበት ቲታኒየም ይሁን፤ ዚንክ እያደር ይሰባበራል።

ርካሽ ቱቦ ላይም ቃል አለኝ። ክዳኑ ሲከፈት ዘይት ቀድሞ የሚፈስ ከሆነ ዘይቱ ከቀለሙ ተለይቷል ማለት ነው። መጠቀም ግድ ከሆነ ከመሥራትዎ አንድ ሁለት ሰዓት በፊት ቀለሙን ዘይት የሚመጥ ካርቶን ላይ ያውጡት፤ ካርቶኑ ዙሪያውን ሲወዛ ያዩታል። ያንን ካርቶንም እንደ ጨርቁ ውሃ ውስጥ ይንከሩት፣ ያው ዘይት ነው።

ቫርኒሽ ቢያንስ ከስድስት ወር በኋላ ነው፣ ወፍራም ቦታ ካለ ከዓመት። ሊቀቡ ሲሉ አኳራጅ ያረጠቡትን ጥጥ በአዲሱ ሸሚዝ ጥግ ላይ በቀስታ ያሽከርክሩት። ነጭ ይዞ ከወጣ ሌላ ሁለት ወር ይጠብቁ። ንጹህ ከወጣ ለሥዕል የተሠራ፣ መልሶ የሚነሳ ቫርኒሽ በስሱ ይቀቡ፤ ለበርና ለወንበር የሚሸጠውን ከነካኩት ግን ኋላ የሚያነሳልዎት ሰው አያገኙም።