ዋተርሉን በፈረንሳይ በኩል ለምትጫወተው

«በዋተርሉ ፈረንሳይን ስይዝ ሁሌ ፈረሰኞቼ ጉብታው ላይ ያልቁብኛል፣ እንዴት ላቅድ?» ላልከው ወንድሜ። የዚህን የጠረጴዛ ጦርነት ጨዋታ ሕግ ስለምታውቅ በቀጥታ ልግባ።

1. መጀመሪያ ዙር ቁጠር። በ1815 እ.ኤ.አ. እውነተኛው ውጊያ የተጀመረው በእኛ አቆጣጠር 5 ሰዓት ተኩል ግድም ነው፤ የእንግሊዙ አዛዥ የዌሊንግተን አጋሮች ፕሩሲያውያን በፈረንሳይ ቀኝ በኩል ውጊያ የገቡት 10 ሰዓት ተኩል ገደማ። አንዱ ዙር 20 ደቂቃ ከሆነ ያለህ 15 ዙር ብቻ ነው። በዳይስ ነው የሚገቡት ወይስ በተወሰነ ዙር? ሳትጀምሩ ጠይቅ። መሃል ላይ ሲጠየቅ የሚያመናጭቅ ዳኛ ሞልቷል።

2. በግራህ ላለው የእርሻ ግቢ፣ ለኡጉሞን፣ ከአንድ ብርጌድ በላይ አትስጥ። ጫካውን ይያዝና ይቁም፤ ቤቶቹን ሃዊትዘር (ጥይት ከፍ አድርጎ የሚወረውር መድፍ) ያቃጥል። ያን ቀን ለማዘናጋት የተጀመረው ጥቃት የፈረንሳዩን ጄኔራል የሬይን ኮር (ክፍለ ጦሮች የያዘ ትልቅ ጦር) ቀስ በቀስ ውጦ አስቀረው።

3. ጉልበትህ መሃል ላይ ባለው የእርሻ ግቢ፣ በላ ኤ ሳንት ላይ ይሁን። የወደቀው ከ12 ሰዓት ወዲህ፣ ተከላካዮቹ ጥይት ሲጨርሱ ነው፤ አንተ ግን በ8ኛው ዙር መያዝ አለብህ። የጄኔራል ደርሎንን እግረኛ እንደዚያን ቀን ሙሉ ክፍለ ጦር አደራርበህ አትላከው፤ ፈረሰኛ ሲመጣበት አራት ማዕዘን (በአራቱም ጎን ሳንጃ የደገነ ሰልፍ) መሥራት አይችልም። በየሻለቃው ለያይ፣ መሃላቸው ክፍተት ተው፣ ኩራሲዬሮቹን (ጥሩር የለበሱትን ከባድ ፈረሰኞች) ከኋላቸው አስከትል።

4. ፈረሰኛው... እዚህ ላይ ነው ሁሉም የሚከስረው፣ ስለዚህ ከዚህ ወዲያ በቁጥር መዘርዘሩን ልተወው። ፈረሰኛ አራት ማዕዘን አይሰብርም፤ አራት ማዕዘን እንዲሠሩ ያስገድዳል እንጂ። አራት ማዕዘን የሠራ ሻለቃ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚተኩሰው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው፣ እንደ ልቡ አይንቀሳቀስም፣ ለመድፍ ደግሞ የተመቸ ዒላማ ነው። ስለዚህ ፈረሰኛህን ጥቃት መክፈት የሚችልበት ርቀት ላይ አምጣና አቁመው። አትልቀቀው! በፈረስ የሚጎተተውን መድፍ ከዚያ አንድ ዙር ቀድመህ አስጠጋ፤ መድፉን ፈትቶ ማጥመድ አንድ ዙር ይበላልና ከፈረሰኛው ጋር አብረህ ካንቀሳቀስከው ይዘገያል። ፈረሰኛው የመድፉን ፊት እንዳይዘጋ የአንድ ባትሪ ስፋት ክፍተት ተው። መድፉ አራት ማዕዘኑን ሲያሳሳው እግረኛው ይግባበት፤ ፈረሰኛው የሚለቀቀው ሰልፉ ፈርሶ ሲሸሹ ነው። የፈረንሳዩ ማርሻል ኔይ 10 ሰዓት ላይ ፈረሰኛውን ይዞ እግረኛ ሳያስከትል ሄዶ የእንግሊዞቹን መድፎች ደጋግሞ ቢረግጣቸውም አላበላሻቸውም፤ ተኳሾቹ አራት ማዕዘኑ ውስጥ ተጠልለው እየተመለሱ ተኮሱበት። ሕጋችሁ መድፍ ማበላሸት ከፈቀደ አንድ ስኳድሮን (የፈረሰኛ ቡድን) ለዚያ ብቻ መድብ።

ትልቁን ባትሪ (በአንድ ቦታ የተሰለፉትን ብዙ መድፎችህን) ብዙ አትመካበት። መሬቱ ዝናብ ስለጠጣ ጥይቱ አይነጥርም፣ ዌሊንግተንም ሰዉን ከጉብታው ጀርባ ይደብቃል። ሁለት ሦስት ዙር ተኩስና እግረኛህን አንቀሳቅስ።

የጄኔራል ሎቦን ኮር በ12ኛው ዙር ፕሩሲያውያኑ ወደሚመጡበት ወደ ቀኝ አዙር። በቀኝህ ያለችውን መንደር ፕላንስኗን ከተነጠቅህ የናፖሊዮንን ወጣቱን ክብር ዘበኛ ላክ፤ አሮጌው ክብር ዘበኛ ግን ላ ኤ ሳንት በእጅህ ሳይገባ ከቦታው ንቅንቅ እንዳይል።