ጠንካራ ድንጋይ ሳይሰበር የሚታጠፈው እንዴት ነው?
ለጠየቅከው ጥያቄ ወሳኞቹ ጥልቀትና ጊዜ ናቸው። ከምድር ገጽ አጠገብ ያለ ቀዝቃዛ ድንጋይ የሚገፋው ኃይል ከአቅሙ በላይ ሲሆን ይሰነጠቃል። በብዙ ኪሎ ሜትር ጥልቀት ግን ሙቀቱና ከየአቅጣጫው የሚጫነው ክብደት ያለዝቡታል፤ ግፊቱም በሚሊዮኖች ዓመታት ቀስ ብሎ ከመጣ እንደ ሊጥ ይታጠፋል። እንዲህ ያለው የሚገፋ ኃይል ተራራም ያነሣል፤ የሂማላያ ተራሮች የተነሡት ሕንድ ከእስያ ጋር በመጋጨቷ ነው። በጥንት ባሕር ወለል የተጠራቀመ የኖራ ድንጋይ ዛሬ የኤቨረስት ጫፍ ላይ መገኘቱ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል!

ኃይሉ የሚገፋ ሳይሆን የሚለጥጥ ሲሆን ግን የምድር ቅርፊት (ጠንካራው የላይኛው ንብርብር) ይሳሳል፣ ይሰበራል፤ መካከሉ ሰምጦ ስምጥ ሸለቆ ይሆናል። ጎን ለጎን የሚያንሸራትተው ኃይል ተራራ እምብዛም አይሠራም፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1906 በሳን ፍራንሲስኮው የመሬት መንቀጥቀጥ መሬቱ የተንሸራተተበትን ስንጥቅ ያቋርጥ የነበረ አጥር ተቆርጦ ጫፎቹ ከ2 ሜትር በላይ ተራርቀዋል።