ከቤት ውጭ መታጠቢያ ለምትነድፉ ወጣቶች

የውጭ መታጠቢያ ንድፍ ስታሳዩኝ ብዙ ጊዜ ከሩቅ የታየ ሥዕል ነው የማገኘው። ገንዳው ያምራል፣ ዛፉም ያምራል። ታጣቢው ግን የለም።

እስቲ ወረቀቱን ተዉትና ቦታው ድረስ ሄዳችሁ መሬት ላይ ቁጭ በሉ። ገንዳ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ከቆመ ሰው በጣም ዝቅ ይላል። ቆማችሁ ያደነቃችሁት ሸለቆ ስትቀመጡ ሊጋረድባችሁ ይችላል። ዙሪያውን በረጅም አጥር ከዘጋችሁትማ ሰማይ ብቻ ነው የሚቀራችሁ። ሌላ ሰው ታጣቢውን ሊያይ የሚችልበትን አቅጣጫ ብቻ ሸፍኑ።

አርክቴክቱ አልቫሮ ሲዛ ፖርቱጋል ውስጥ ሌሳ ዳ ፓልሜይራ ላይ የሠራውን የባሕር ዳር መዋኛ አጥኑልኝ። የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። የመኪና መንገዱ እዚያው አጠገቡ ነው። ልብስ መቀየሪያው ግን ከመንገዱ ዝቅ ብሏል። በኮንክሪት ግድግዳዎች መሃል ስታልፉ ባሕሩ ይሰወራል፤ ስትወጡ ፊታችሁ ድቅን ይላል። ገንዳዎቹ ነባሩን አለት ተደግፈው፣ በጥቂት ግድግዳ ብቻ የተሠሩ ናቸው። ሰውዬው ቦታውን ብዙ አልነካካውም። ለእኔ ትልቁ ችሎታው ይኼ ነው።

ነፋሱንም አስቡት። እርጥብ ገላ ላይ ያለ ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ደረቅ ሆናችሁ የወደዳችሁት ነፋሻማ ጥግ፣ ከውሃ ስትወጡ ያንዘፈዝፋችኋል። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ትከሉ። ፎጣ መስቀያው እጅ የሚደርስበት ይሁን (ይኼ ስንቴ ይረሳል መሰላችሁ!)። ወለሉ ሸካራ ድንጋይ ይሁን፤ በየ1 ሜትሩ 2 ሳንቲሜትር ያህል ያዘቅዝቅ።

300 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ሰው ሳይገባበት 300 ኪሎ ውሃ ተሸክሟል። ከእንጨት ወለል ላይ ልታስቀምጡት ካሰባችሁ መሐንዲስ አማክሩ። የኤሌክትሪኩን ነገርማ ለባለሙያው ተዉት።

አንድ ነገር ላይ ግን ግትር ነኝ። ሳሙና ያለበት ውሃ ወንዝም ኩሬም ውስጥ አይገባም። «ተፈጥሮን አይጎዳም» ተብሎ የሚሸጠውም ቢሆን በደንብ ለመበስበስ አፈር ያስፈልገዋል፤ በቀጥታ ውሃ ውስጥ ከገባ ዓሣ ይጎዳል። ደንበኛችሁ «ትንሽ እኮ ነው» ቢላችሁም እሺ አትበሉ። የአካባቢውን ደንብ ጠይቁና ከገንዳው በፊት የፍሳሹን መሄጃ ሣሉ።