ስለ ፖታሺየምና አንጎል ጠይቁኝ

ደሴ ፊዚዮሎጂ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት «የአንጎል ቁራጭ ላይ ፖታሺየም ሲጨመር ነርቮች ለምን መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል ይለቃሉ?» ብዬ ጽፌ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ፤ ዛሬ የቻልኩትን እመልሳለሁ።

ከደሴ ፒያሳ፦ መምህር፣ ፖታሺየም እኮ ድሮም ሰውነታችን ውስጥ አለ። እንዴት ነው አንጎልን የሚቀሰቅሰው?

ዋናው ነገር የት ነው ያለው የሚለው ነው። ነርቭ ሴሉ ውስጥ 140 ሚሊሞላር (ፈሳሽ ውስጥ ስንት እንዳለ የሚለካበት ነው) ገደማ አለ፤ ውጭ ግን 3 ገደማ ብቻ። ያረፈ ሴል ውስጡ ከውጩ በ70 ሚሊቮልት ገደማ አሉታዊ የሚሆነው በአብዛኛው በዚህ ልዩነት ነው። የውጩን ወደ 50 ከፍ ብታደርገው ሴሉ ወደ -30 ይጠጋል። ያኔ የካልሺየም በሮች ይከፈታሉ። ካልሺየም ሲገባ ኬሚካሉን የያዙት ጥቃቅን ከረጢቶች ከሽፋኑ ጋር ተዋህደው ይዘታቸውን ወደ ውጭ ያፈሳሉ።

ታዲያ የሚያስለቅቀው ማነው፣ ፖታሺየም ወይስ ካልሺየም?

ካልሺየም። ፖታሺየም በር አንኳኪ ነው። ካልሺየም በሌለበት ፈሳሽ ውስጥ ያንኑ ፖታሺየም ጨምር፤ የሚለቀቀው በጣም ይቀንሳል። በርናርድ ካትዝ የካልሺየምን ሚና ያሳየው የእንቁራሪት ነርቭና ጡንቻ መገናኛ ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ኖቤል ተጋርቷል። ፖታሺየሙ ከልክ ሲያልፍ ወይም ኦክስጅን ሲቋረጥ ግን ግሉታሜትን፣ ከነዚህ መልእክት አስተላላፊ ኬሚካሎች አንዱን፣ ወደ ሴል የሚመልሱት ማጓጓዣዎች ወደ ኋላ ይሠራሉ፤ ያኔ ያለ ካልሺየምም ይፈሳል። ስለዚህ ያለ ካልሺየም ያልተደገመ ሙከራ ብታሳዩኝ እውነቱን ለመናገር አላምነውም።

ከቧንቧ ውሃ ሰፈር፦ መለቀቅ ብቻ ነው? ሜታቦሊዝሙስ?

ጎበዝ! እኔን የሚያጓጓኝ ይሄኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 አሽፎርድና ዲክሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ፖታሺየም ሲበዛ የአንጎል ቁራጭ የሚወስደው ኦክስጅን እንደሚጨምር አሳዩ። የገባውን ሶዲየም የሚያስወጣው ፓምፕ ጉልበት ይበላል፤ ሴሉም ግሉኮስ በብዛት ያቃጥላል።

ምርቱም ይፋጠናል። አሴቲልኮሊን የሚባለው መልእክት አስተላላፊ ሲለቀቅ ነርቭ ጫፉ ጥሬ ዕቃውን ኮሊንን በብዛት ይስባል፣ አዲስ ይሠራል። ሌላው መልእክት አስተላላፊ ዶፓሚን ላይ ደግሞ ታይሮሲን ሃይድሮክሲሌዝ የሚባለው ኢንዛይም ፎስፌት ተለጥፎበት ይፈጥናል። የግሉታሜት መንገድ ረጅም ነው፦ አስትሮሳይት የተባሉት ረዳት ሴሎች ያነሱታል፣ ግሉታሚን አድርገው ይመልሱታል፣ ከዚያ እንደገና ግሉታሜት ይሆናል፤ ጋባ የሚባለው ሌላው መልእክት አስተላላፊም የሚሠራው ከዚሁ ነው።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ይሸወዳሉ። ቁራጩ ውስጥ የቀረውን ብቻ ለክተው «ምንም አልተለወጠም» ይላሉ። የወጣው በአዲስ ተተክቶ ሊሆን ይችላል እኮ! ራዲዮአክቲቭ ምልክት ያለበት ጥሬ ዕቃ ሰጥተህ ስንቱ ተሠራ፣ ስንቱ ወጣ ብለህ ለየብቻ ካልቆጠርክ ታሪኩ ግማሽ ነው።

ከኮምቦልቻ፦ ከቄራ የበሬ አንጎል አምጥተን ብንሞክርስ?

ሐሳቡ ደስ ይላል፣ ግን አይሆንም። ደም በተቋረጠ በደቂቃዎች ውስጥ ፖታሺየሙ ራሱ ከሴሎቹ ይወጣል፣ ግሉታሜቱም ይፈሳል። እናንተ ሳትደርሱ አንጎሉ ተቀስቅሶ አልቋል ማለት ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ የአይጥ አንጎል ወዲያው በረዶ የቀዘቀዘ ፈሳሽ ውስጥ ይገባል። ከዚያ 0.3 ወይም 0.4 ሚሊሜትር ውፍረት ይቆረጣል፣ ግሉኮስ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ኦክስጅን እየተነፋበት ይቆያል። ፖታሺየም ስትጨምሩ ደግሞ ያንኑ ያህል ሶዲየም ቀንሱ፤ አለዚያ የፈሳሹ ጨው በዝቶ ሴሎቹ ይኮማተራሉ።

ሙዝ ብዙ ብበላ አንጎሌ ይነቃቃል?

አብሽር፣ አይነካውም። ኩላሊት ትርፉን ያስወጣል፣ የደምና የአንጎል ግርዶሽም የአንጎሉን ፖታሺየም ይጠብቃል። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ግን ይጠንቀቅ፤ ፖታሺየም ደም ውስጥ ሲበዛ አደጋው ልብ ላይ ነው።

ምርቃናስ? ያው ነገር ነው?

ይሄን ሳልጠየቅ እንደማላልፍ አውቄ ነበር። አይደለም። ጫቱ ውስጥ ያለው አነቃቂ፣ ካቲኖን፣ ዶፓሚን ያስለቅቃል፤ ተመራማሪው ፒተር ካሊክስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የጥንቸል አንጎል ቁራጭ ላይ አሳይቶታል። ግን መንገዱ አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ መድኃኒት የሚሠራበት ነው፦ የዶፓሚኑን ማጓጓዣ ወደ ኋላ ያስኬደዋል። በዚህ መንገድ የሚወጣው ዶፓሚን በአብዛኛው የካልሺየምን መግባት አይጠብቅም።