ሌንስ ከመግዛትህ በፊት ቁጭ በል

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ሳቄም መጣ፣ አዘንኩም። «ካሜራውን ገና ሳነሳ ወፎቹ ይበራሉ፣ ነፍሳቱ ደግሞ ብዥ ይሉብኛል፤ ትልቅ ሌንስ ልግዛ ወይ?» ነው ያልከው። እኔም ያንኑ ጠይቄ ሁሉም ሰው «ግዛ» አለኝ። ገዛሁ። ያ ሌንስ ውስጡ ሻጋታ በቅሎበት ተበላሽቶ አሁን መደርደሪያ ላይ ተጎልቷል። ስለዚህ ሻተር ምንድን ነው፣ አይኤስኦ ምንድን ነው የሚለውን ሌላ ሰው ያስረዳህ። እኔ የተቃጠልኩበትን ልንገርህ።

1. ወፍ አታሳድድ። ወፏን የሚያስበረግጋት ካሜራህ አይደለም፤ ወደ እሷ እየተራመደ የሚመጣው ሰው ነው። ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ ባለ 600 ሚሊ ሜትር ሌንስ ተሸክሜ ረግረጉን ስዞር የሰበሰብኩት የወፍ ጀርባ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ደከመኝና ቄጠማው ጥግ ቁጭ አልኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል አልተንቀሳቀስኩም። ያቺ ዓሣ የምታጠምደው ሰማያዊ ወፍ መጥታ ፊት ለፊቴ ካለው እንጨት ላይ አረፈች። ውኃው ውስጥ ተወርውራ ዓሣ ይዛ እዚያው እንጨት ላይ ተመለሰች። ዓሣውን ከእንጨቱ ጋር እያላጋች ገደለችውና በጭንቅላቱ በኩል ዋጠችው። እስከ ዛሬ ያንን የሚበልጥ ፎቶ የለኝም። ያየው ሁሉ «በየትኛው ሌንስ ነው?» ይለኛል። በመቀመጫዬ ነው!

ስትቀመጥ ፀሐይ ከጀርባህ ትሁን። ነፋሱም ከጀርባህ ቢመጣ ጥሩ ነው። ወፍ ስትነሳም ስታርፍም ነፋሱን ፊት ለፊት ስለምትገጥመው ፊቷን ታገኛለህ። ስትበር ለማንሳት ሻተሩን (ካሜራው ለብርሃን ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ) ከ1/2000 ሰከንድ አታዘግየው። ነጭ ወፍ ሆና ከኋላዋ ያለው ጨለም ያለ ከሆነ ደግሞ የፎቶውን ብርሃን በአንድ ደረጃ ያህል ቀንስ፤ አለበለዚያ ላባዋ መስመሩ ጠፍቶ እንደ ወረቀት ነጭ ብቻ ሆኖ ይወጣል።

2. ለነፍሳት በጠዋት ውጣ። አብዛኞቹ ሰውነታቸው የሚሞቀው ከፀሐይ ነው። ሌሊቱን ቀዝቅዘው ስለሚያድሩ ማለዳ ላይ ጤዛ እንደለበሱ ቅጠል ላይ ታገኛቸዋለህ፤ ብትጠጋቸውም ቶሎ አይበሩም። እኔ ግን አንድ ዓመት ሙሉ በእኩለ ቀን ቢራቢሮ ሳባርር ኖርኩ። ጎረቤቶቼ ምን ይሉኝ እንደነበር ተወው። ቀን ላይ ብትወጣም የውኃ ተርብን አትከተላት። ብዙዎቹ ዞረው ዞረው ያው የተነሱበት ጭራሮ ላይ ይመለሳሉ። ጭራሮው ላይ ፎከስ አድርገህ ጠብቃት። በማክሮ (ትንንሽ ነገር በቅርበት በሚያነሳ ሌንስ) በጣም ስትጠጋ ጥርት ብሎ የሚወጣው እንደ ፀጉር የቀጠነ ቦታ ብቻ ስለሆነ አፐርቸሩን (የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) f/8 ወይም f/11 አድርግና ዓይኗን ያዝ። ፎከሱን በሌንሱ ቀለበት አታስተካክል፤ ራስህን ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ እያልክ አንሳ። (አንዴ «ንብ» ብዬ በኩራት የለጠፍኩት ፎቶ ዝንብ ሆኖ ተገኘ። ንብ አራት ክንፍ አላት፤ ያ የኔው ሁለት ብቻ ነበረው። ከዚያ ወዲህ ክንፍ ሳልቆጥር አልለጥፍም።)

3. እዚህ ላይ ስለ ካሜራ አያያዝ አሥር ነጥብ ልዘረዝር ነበር። ግን ሁሉም የሚወጣው ከአንድ ቀን ታሪክ ነው።

ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ ጥበቃ ወደሚደረግለት አንድ ረግረግ ሄድኩ። ጭጋግና ካፊያ ነበር። ጥቂት እንዳነሳሁ ጥበቃው መጣና «ይህ ሌንስ የሥራ ነው፣ ደብዳቤ አምጣ» አለኝ። ባለ ስልኮቹ በአጠገባችን እያለፉ ፎቶ ያነሳሉ፤ እነሱን ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም። ቢሮ ስሄድ ኃላፊው ሻዩን ሳያስቀምጥ «ነገ ና» አለኝ። በነጋታው ስመለስ «ማን ነው ነገ ና ያለህ?» ይላል ያው ሰውዬ! ዋናው ኪሳራ ግን እሱ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን በንዴት እርጥቡን ካሜራ ቦርሳ ውስጥ ወርውሬ ዚፑን ዘጋሁ። ተናድጄ ሁለት ወር አልነካሁትም።

ሳወጣው ፎቶው ሁሉ ጉም የለበሰ ሆነ። ካሜራውን ጠረጠርኩ፤ ሴቲንጉን ገለባበጥኩ። በመጨረሻ በስልኬ መብራት ሳየው መስታወቱ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ክር ተዘርግቷል። ጠጋኙ «እርጥብ ካልሲ እንኳ እንዲህ አይታፈንም» ብሎ ሰደበኝ። የሌንሱን ግማሽ ዋጋ ተቀብሎ አጸዳው። ግን ሻጋታው የመስታወቱን ቅብ በልቶት ስለነበር እንደ ድሮው አልሆነም። ጭራሽ ከጠጋኙ እጅ ሲመለስ ፎከሱ መንገዳገድ ጀመረ።

አሁን ከረግረግ ስመለስ ሁሉንም አብሼ ከቦርሳ አውጥቼ አሳድረዋለሁ። ከዚያ በደንብ በሚዘጋ ሳጥን ውስጥ ከሲሊካ ጄል ጋር ይቀመጣል፤ ያቺ አዲስ ጫማ ውስጥ የምትገኘው ትንሽ ከረጢት ማለቴ ነው። የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ በላይ ሲቆይ ሻጋታ ይመቸዋል፤ ከ40 እስከ 50 ጥሩ ነው። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስትገባ ደግሞ ካሜራውን በፌስታል ቋጥረህ ግባ። ጤዛው ፌስታሉ ላይ ይቀራል። ሙቀቱ ሲስተካከል ታወጣዋለህ።

የወፍ ጎጆ አጠገብ አትሂድ። ቅጠል ገልጠህ ጫጩት ፎቶ ማንሳት ለጭልፊትና ለድመት መንገድ ማሳየት ነው። በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልከራከርም።

ይህን ሁሉ ሰምተህ «አይ፣ እገዛለሁ» ካልክና የምታየው ያገለገለ ሌንስ ከሆነ፣ ከኋላው መብራት አብርተህ በፊት ለፊቱ ተመልከት። ክር ካየህና ሻጩ «አቧራ ነው» ካለህ ትተህ ውጣ። አቧራ ቅርንጫፍ አያወጣም።