ዋንጫውንና ኮከቡን ለየብቻ ገምት

ወዳጄ፣ ስለ አሜሪካ ቤዝቦል ሊግ ግምት ስትጠይቀኝ «ዋንጫውን ለሎስ አንጀለሱ ቡድን ለዶጀርስ ከሰጠሁ ኮከብ ተጫዋቹንም ከዚያው ልምረጥ ወይ?» ብለሃል። አታያይዛቸው። ጋዜጠኞቹ ለኮከብ ድምፅ የሚሰጡት የመደበኛው ውድድር 162 ጨዋታ እንዳለቀ፣ ዋንጫው የሚለይበት ጥሎ ማለፍ ሳይጀመር ነው። ሾሄ ኦታኒ እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2023 ሲመረጥ የያኔ ቡድኑ ኤንጀልስ ጥሎ ማለፍ እንኳ አልገባም።

ዋንጫው ግን ሌላ ጣጣ ነው። በዚያው በ2023 ዶጀርስ በመደበኛው ውድድር 100 ጨዋታ አሸንፎ ነበር። በጥሎ ማለፉ የመጀመሪያ ጨዋታ የዶጀርስ ኳስ ወርዋሪ ክሌይተን ከርሾ ከተጋጣሚ መቺዎች አንድ ሰው ብቻ አስወጥቶ 6 ነጥብ ተቆጠረበት። በቃ፣ ቀየሩት። ሦስት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ በሚያልፍበት በዚያ ዙር ሦስቱንም ጨዋታ በአሪዞና ተሸንፈው ወደ ቤታቸው። እስካሁን ያንገበግበኛል! ከዚያ ወዲህ ለዋንጫ ስገምት መጀመሪያ የማየው የወርዋሪዎቹን ጤንነት ነው። አንተም ከዚያ ጀምር።