ስለ ቅጽል ቅጥያዎች ለጠየቀችው እህት፦ «ፕራይስለስ» እኔን ምን እንዳስከፈለኝ

ከወልዲያ የጻፍሽልን እህቴ፣ በሚቀጥለው ሳምንት በአንድ ሆቴል ለእንግዳ ተቀባይነት እንደምትፈተኚ ገልጸሽ፣ በእንግሊዝኛ ቅጽል የሚያወጡትን ድኅረ ቅጥያዎች በሙሉ እንድንዘረዝርልሽና «አይ አም ኢንተረስቲንግ ኢን ሆቴል ወርክ» ብለሽ የጻፍሽው ዓረፍተ ነገር ትክክል መሆን አለመሆኑን እንድንነግርሽ ጠይቀሻል። ዝርዝሩን ሌሎች አባላት ስለለጠፉልሽ አልደግመውም። አብሽሪ፤ ዝርዝሩን ባለማወቁ የወደቀ ሰው አላውቅም፤ እኔ ግን ሁሉንም እንደ ዳዊት በቃሌ ይዤ ገብቼ ወድቄያለሁ። ስለዚህ የምነግርሽ እኔን የጣለኝን ነው።

1ኛ፦ «ፉል» የምትባለው ቅጥያ መጨረሻዋ ላይ አንድ «ኤል» ብቻ ነው ያላት፤ ሁለት «ኤል» የምትይዘው ብቻዋን ቆማ «ሙሉ» ስትል ነው። «ቢዩቲ» «ቢዩቲፉል» ሲሆን «ዋይ» ወደ «አይ» ይለወጣል። «ፌም» «ፌመስ» ሲሆን የመጨረሻዋ «ኢ» ትወድቃለች፤ «ከሬጅ» «ከሬጅየስ» ሲሆን ግን አትወድቅም፤ እርሷ ከሌለች ከፊቷ ያለው «ጂ» እንደ «ገ» ይነበባልና። ይህን ፈታኞች ይወዱታል።

2ኛ፦ «ሊ» ያለበት ቃል ሁሉ ተውሳከ ግስ (ግስን የሚገልጽ ቃል) ነው ብለው አስተምረውሽ ከሆነ እርሺው። «ሊ» ቅጽል ላይ ስትለጠፍ አብዛኛውን ጊዜ ተውሳከ ግስ ታወጣለች፤ እንደ «ፍሬንድ» ያለ ስም ላይ ስትለጠፍ ግን የምታወጣው ቅጽል ነው። ስለዚህ «ፍሬንድሊ» ስምን እንጂ ግስን አትገልጽም፤ «ፍሬንድሊ ስማይል» ማለት ትችያለሽ፣ «ሺ ስፒክስ ፍሬንድሊ» ማለት ግን አትችዪም።

3ኛ፦ «ለስ»። እዚህ ላይ ቁጥሩን ልተወው፤ ነገሩ በቁጥር የሚያልቅ አይደለም።

ከዓመታት በፊት ደሴ ውስጥ ለአስጎብኚነት ተወዳደርሁ። የጽሑፍ ፈተናው አንድ አጭር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወደ አማርኛ መመለስ ነበር፤ ጽሑፉም ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሆኖ አገኘሁት። እኔ የሐይቅ ልጅ ነኝ። ቀድሞ ደሴት የነበረውን፣ ዛሬ ግን ከየብስ ጋር የተያያዘውን የገዳሙን ዛፍ ጥግ በየማለዳው እያየሁ ነው ያደግሁት፤ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚያ እንዳስተማሩና መጻሕፍት እንዳሰባሰቡ ከትምህርት ቤት በፊት ከቤት ሰምቻለሁ። ወረቀቱን ሳየው ፈጣሪ ያዘጋጀልኝ ፈተና መሰለኝ። ከጽሑፉ መካከል የገዳሙን የብራና መጻሕፍት «ፕራይስለስ» የሚል ቅጽል ይገልጻቸው ነበር። እኔም «ፕራይስ» ዋጋ፣ «ለስ» ደግሞ የሌለው መሆኑን አስልቼ፣ ሳላመነታ «ዋጋ ቢስ የብራና መጻሕፍት» ብዬ ጻፍሁ።

ውጤት ሊነግሩን ሲጠሩን ፈታኙ ወረቀቴን አንሥተው፣ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ያሰመሩበትን ቃል በኮሪደሩ ለቆሙት ተፈታኞች ሁሉ ጮክ ብለው አነበቡት፤ ከዚያም «ይኸውላችሁ፣ የሐይቁ ልጅ የሐይቅን መጻሕፍት ዋጋ ቢስ አላቸው!» ብለው ሳቁ። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም። መሳሳቴን አልክድም፤ ነገር ግን አንድ ሰው ስህተቱ የት ላይ እንደሆነ ቢነግረኝ ምን ነበረበት? ስጠይቃቸው «ቀጣይ!» አሉኝ። ዝናብ እየወረደብኝ እስከ መናኸሪያ በእግሬ ሄድሁ፤ ሐይቅ ደርሼም ለእናቴ የሆነውን መናገር አልቻልሁም።

ቁም ነገሩ ይህ ነው። «ለስ» ከ«ያነሰ» ጋር ዝምድና የላትም፤ ከጥንታዊ እንግሊዝኛ የመጣች፣ «የሌለው» የሚል ትርጉም ያላት ሌላ ቃል ናት። «ኬርለስ» የሚባለው ጥንቃቄው ያነሰ ሳይሆን ጥንቃቄ የሌለው ሰው ነው። «ፕራይስለስ» ደግሞ ዋጋ የማይተመንለት፣ ከዋጋ በላይ የሆነ ነገር ነው፤ የእኛን «ዋጋ ቢስ» የሚመስለው «ወርዝለስ» ነው። «ኢንቫልዩኤብል»ም እንዲሁ እጅግ ጠቃሚ ማለት እንጂ የማይረባ ማለት አይደለም። በኮምቦልቻ መንገድ በሚያልፉ የነዳጅ ቦቴዎች ላይ «ኢንፍላመብል» የሚል ጽሑፍ ካየሽም መነሻውን «ኢን» አይተሽ የማይቀጣጠል ነው እንዳትዪ፤ የሚቀጣጠል ነው።

«ፉል»ንና «ለስ»ንም ሁልጊዜ እንደ መንታ ተቃራኒ አትቁጠሪያቸው። «ሄልፕፉል» ሰውን የሚረዳ ነው፤ «ሄልፕለስ» ግን ሰውን የማይረዳ ሳይሆን ራሱን መርዳት ያቃተው ነው። አንድ ወዳጄ የቀድሞ አለቃውን ክፉነት ሊገልጽ ፈልጎ «ሄልፕለስ» ብሎ ቢጽፍ፣ አንባቢው ለአለቃው አዘነለት። «ሆምለስ» አለ፣ «ሆምፉል» የለም፤ «ቢዩቲፉል» አለ፣ «ቢዩቲለስ» የለም።

ከዚያ ፈተና በኋላ ደብተር ገዝቼ፣ አንድ ቅጽል ባገኘሁ ቁጥር ከነሙሉ ዓረፍተ ነገሩ መጻፍ ጀመርሁ። ቃሉን ለብቻው አልጽፍም፤ የጣለኝ ለብቻው መቁጠሬ ነውና። በዓመቱ በሌላ ድርጅት ተፈትኜ አንደኛ ወጣሁ። ዛሬ ያንን ገዳም ለእንግዶች የማስጎበኝ እኔ ነኝ፤ «ፕራይስለስ» የምትለዋን ቃልም በየጉብኝቱ ሆን ብዬ አንድ ጊዜ እጠራታለሁ።

ወደ ዓረፍተ ነገርሽ ልመለስ። «ኢንግ» እና «ኢድ» የሚለዩት የእኛ «አስ» እንደሚለየው ነው። «አስፈሪ» የሚባለው ሌላውን የሚያስፈራው ነው፤ የሚፈራው ደግሞ «ፈሪ» ነው። «ቦሪንግ» አሰልቺው፣ «ቦርድ» የተሰላቸው ነው፤ «ታየሪንግ» አድካሚው፣ «ታየርድ» የደከመው ነው። ስለዚህ «ኢንተረስቲንግ» ካልሽ ስሜት ቀስቃሿ አንቺ ነሽ፤ ፈታኝሽም ፈገግ ብሎ የሚያልፍ ደግ ሰው ላይሆን ይችላል። «አይ አም ኢንተረስትድ ኢን ሆቴል ወርክ» ብለሽ ጻፊው፤ መስተዋድዱን «ኢን»ን በትክክል ስለተጠቀምሽበት አትንኪው።